ባዶ ሆኖ የሚታየው ደረጃ የእኛ ነው

ይድረስ ለስታዲየም አስተዳዳሪዎች፣ ለጨዋታ ፕሮግራም አውጪዎችና ለከተማችን የስፖርት ኃላፊዎች
ሀዋሳ

ክቡራትና ክቡራን፤

የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። ሀዋሳ ላይ ጨዋታ ካለ ሱቁን ለወንድሜ ልጅ ትቼ ሜዳ እገባለሁ። የምቀመጠው ከፀሐይ በኩል ነው። ትኬቱ ርካሽ ነው፣ ደግሞም የማውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ሰው «ካታንጋ»፣ «ሚስማር ተራ» እያለ ለመቀመጫው ስም አውጥቷል። እኛ ስም አላወጣንም። «ፀሐይ በኩል» ነው የምንለው፣ ፀሐይዋ ስለማትረሳን።

የምጽፈው በአንድ ክለብ ደጋፊነት አይደለም። ከግራዬ የሀዋሳ ከተማ፣ ከቀኜ የሲዳማ ቡና ደጋፊ ይቀመጣል። ሁለቱ ክለቦች ሲገናኙ ሦስታችን አንነጋገርም። በማግስቱ አሞራ ገደል ሄደን አብረን ዓሳ እንበላለን። በዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ሦስታችንም ተስማምተናል።

የማንንም ስም አልጠራም። አንዱ ጥፋት የበር ነው፣ አንዱ የፕሮግራም ነው፣ አንዱ የቧንቧ ነው። ስታነቡት እያንዳንዳችሁ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ።

ብዕር ያስነሳኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ባለፈው የውድድር ወቅት ከልጄ ጋር በር ላይ የደረሰብን ነው፤ እመጣበታለሁ። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብዬ የሰማሁት ነው። እዚሁ ከተማችን ላይ የሚካሄድ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታያል። ከካሜራው ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ባዶ ነው። ሲሚንቶው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። አጠገቤ የተቀመጠ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ማኪያቶውን እያማሰለ «የሀዋሳ ሰው ኳስ አይወድም እንዴ?» አለ።

ዝም አልኩት። መልሱ ከማኪያቶው ይረዝማል ብዬ ነው።

ካሜራው የሚተከለው ከጥላው በኩል ነው። ስለዚህ ጨዋታው በተላለፈ ቁጥር አገር የሚያየው ጥላ ሥር የተቀመጡትን እንግዶች ሳይሆን እኛ የምንቀመጥበትን ደረጃ ነው። ያ ባዶ ሲሚንቶ የእኛ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን በዚያን ሰዓት በር ላይ ነበርን። አንዳንዳችን ደግሞ ከበር ተመልሰን ቤት ገብተን ነበር።

የሀዋሳ ሰው ኳስ ይወዳል ወይ ለሚለው ብዙ ማስረጃ መቁጠር ይቻላል። ሊጉ ፕሪሚየር ሊግ ተብሎ በ1990 ከተጀመረ ወዲህ ዋንጫውን መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ያስወጣው ክለብ የዚህ ከተማ ክለብ ነው። 1996 ነበር። ያኔ «ከነማ» ነበር የምንለው። በ1999 ደገመው። ከዚያ በኋላ ዋንጫው እንደገና ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለማየት ጅማ አባ ጅፋር በ2010 እስኪያሸንፍ ድረስ አገሩ ሁሉ ጠብቋል። አዳነ ግርማን በልጅነቱ በዚህ ከተማ መለያ ያየነው እኛ ነን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ፣ በውድድሩ ያገባናት አንዲት ጎል ናት። ዛምቢያ ላይ ያስቆጠራት አዳነ ነው። ሽመልስ በቀለም በዚሁ መለያ ተጫውቷል። ሎዛ አበራም ወደ ደደቢት ከመሄዷ በፊት የሀዋሳን መለያ ለብሳለች። በ2008 ኢትዮጵያ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች ዋንጫ የሆነውን ሴካፋን ስታዘጋጅ ከተመረጡት ሦስት ከተሞች አንዷ የእኛዋ ነበረች። ኳስ የማይወድ ከተማ ይህን ሁሉ አያይም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ በሩ

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ከወንዶቹ ጋር ትጫወታለች። ግራ እግሯ ደህና ነው፣ የአባት አፍ ሆኖብኝ አይደለም። «አባዬ፣ እውነተኛ ጨዋታ አሳየኝ» ስትለኝ ከረመች። አንድ እሁድ ይዣት ሄድኩ።

ጨዋታው ሊጀመር ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቀረው ደረስን። በሩ ብዙ ነው፣ የተከፈተው ግን አንድ ነው። ሌሎቹ ላይ ሰንሰለት ተጠምጥሞባቸዋል። ሰልፉ አጥሩን ይዞ ይዞራል። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ በትንሽ መስኮት ነው የሚሠራው። ሁለት መቶ ብር ስሰጠው «ዝርዝር የለም» አለኝ። በቴሌብር ልክፈል ብለው «እሱ እዚህ የለም» አለ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ዘርዝራልኝ፣ ባለውለታዋ ነኝ፣ አንድ ስኒ ቆሎ ገዛኋት። ሁለት ትኬት ቆረጥን። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የልጄ። የልጅ ዋጋ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ፍተሻ ደረሰ። የወንዶች ሰልፍ ይሄዳል። የሴቶች ሰልፍ ቆሟል። ሰባት ሴቶች ቆመዋል፣ ልጄ ስምንተኛ ሆነች። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ እሱን አልከስም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ። እሷን ግን እኔ መፈተሽ አልችልም።»

«የሚፈትሽ ማነው ታዲያ?»

«ሴት ፈታሽ ነበረች፣ ዛሬ አልመጣችም። ደውለናል።»

«ልጄን እዚህ ጥያት ልግባ?»

«እኔ ምን ላድርግ ጋሼ፣ የታዘዝኩት ነው።»

ልጁ ልክ ነው። ልጄን ወንድ እንዲፈትሻት እኔም አልፈልግም። ግን ከፊታችን የቆመች ሴት አሞራ ገደል ዓሳ የምትሸጥ ናት፣ ሥራዋን በጊዜ ዘግታ የመጣች። መለያዋን ለብሳለች። ትኬቷን ከፍ አድርጋ ያዘችና «ገንዘብ ስትቀበሉኝ ሴት መሆኔ አልታየም?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም ከዚያ የተሻለ ጥያቄ እስከዛሬ አልመጣልኝም።

ጨዋታው ተጀመረ። ከአጥሩ ውጭ ቆመን ጩኸት እንሰማለን። አንዴ ሜዳው ተናወጠ። ልጄ እጄን ስባ «አባዬ፣ ማን አገባ?» አለችኝ። አላውቅም። ስታዲየም በር ላይ ትኬት በእጄ ይዤ ማን እንዳገባ አላውቅም! ከውስጥ «ጎል!» የሚለው ድምፅ የማን ደጋፊ እንደሆነ በጆሮ መለየት ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሴት ፈታሿ ሳትመጣ እረፍት ሆነ። ዓሳ ሻጯ ትታ ሄደች። እኛም ሄድን። ውጤቱን የነገረን የባጃጁ ሹፌር ነው፣ ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ልጄ እስከ ቤት አልተናገረችም። ስንገባ ለእናቷ «ኳስ ለሴት አይፈቀድም አሉ» አለቻት። ማንም እንዲህ አላላትም። እሷ ግን የገባት እንደዚያ ነው።

ሁለቱ ትኬቶች ሱቄ መሳቢያ ውስጥ አሉ። በር ላይ ስላልተቀደዱ ሙሉ ናቸው።

ሁለተኛ፤ ሰዓቱ

በሥራ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጨዋታ ይደረጋል። 9 ሰዓት ላይ ሜዳ የሚገኘው ማነው? መምህሩ ክፍል ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ማሽን ላይ ነው። ባጃጅ ነጂው ቀኑ ገና ነው። ባለ ሱቁ እኔ ነኝ። ተማሪው ከትምህርት ቤት ፎርፎ ካልመጣ በቀር ሰው የለም፣ ፎርፎ የመጣውን ደግሞ «ኳስ ልጆቻችንን አበላሸ» ትሉታላችሁ።

በቀን ብዙ ጨዋታ መጨረስ እንዳለባችሁ ይገባኛል። ክለቦች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ሜዳው አንድ ነው። የመብራት ነገርም አለ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው ለውጡን የምትነግሩን መንገድ ነው። ጎረቤቴ መምህር ነው። አንድ ቅዳሜ የዕድር ስብሰባ ጥሎ፣ የዕድር ቅጣት ተቀብሎ ሜዳ ሄደ። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው «ጨዋታው ወደ ነገ ተዛውሯል፣ ትናንት ማታ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል እኮ» አለው። በማግስቱ እሁድ ደግሞ ሰርግ ነበረበት። ዘመድ ሰርግ ቀርቶ ኳስ ሄደ ብሎ ማን ይመሰክርለታል? መምህሩ አሁን የሚያየው የእንግሊዝን ሊግ ብቻ ነው። ከእኔ ጋር ስንከራከር «ጨዋታው መቼ እንደሆነ ከወራት በፊት አውቃለሁ፣ ዕድርም ሰርግም በዚያ አስተካክላለሁ» ይለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ሕዝቡ የአገሩን ኳስ ንቆ አርሴናልና ማንቼ ብቻ ነው የሚያየው» የሚል ንግግር ከኃላፊዎች አፍ ሰልችቶናል። በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ፒኤስጂ ኢንተርን 5 ለ 0 ባሸነፈበት ሌሊት እኔም ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። እግር መጣያ አልነበረም። ከሰው መሃል ቆሜ አየሁት። ግን ያን ቤት ደግማችሁ ተመልከቱት። መግቢያ የከፈለ ሁሉ ይገባል። ፕላስቲክ ቢሆንም ወንበር አለ። ሽንት ቤቱ ውሃ አለው። ያልኩት ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሴት ስትገባ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የቤቱ ባለቤት ስለ ስፖርት አስተዳደር የተማረ ሰው አይደለም፣ ቡና ሻጭ ነው። ሰዎቹ የሚሄዱት ለሜሲና ለሳላህ ብቻ ይመስላችኋል? አንዳንዶቻችን የምንሄደው ለወንበሩም ነው።

ሦስተኛ፤ ሃይላንዱና ሽንት ቤቱ

በር ላይ ሃይላንድ ይወሰድብናል። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኛው ነን ያመጣነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛ በኩል ወደ ሜዳ ሃይላንድ ሲወረወር በዓይኔ አይቻለሁ። አንዴ የመስመር ዳኛው እግር ሥር ወደቀ። የወረወረውን ልጅ ሳውቀው አልተናገርኩም፣ ይህን ስጽፍም ያሳፍረኛል። ስድብም አለ። ከስድብ ሁሉ የከፋው ዘርና ብሔር የሚጠራው ነው፣ እሱን የሚሳደብ ሰው አጠገቤ ሲኖር ቦታ ቀይሬ አውቃለሁ፣ ዝም በል ማለት ሲገባኝ። ስለዚህ ንጹሕ ነን አልልም።

ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ውሃዬን ወሰዳችሁ። እሺ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አስቀመጣችሁኝ። ሲሚንቶው ከሥር ይጠብሳል፣ ካርቶን ያላመጣ ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። ውስጥ ውሃ የሚሸጥ የለም። ቧንቧ አለ፣ ውሃ የለውም። የካቲት ላይ የሀዋሳን የከሰዓት ፀሐይ የማያውቅ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ የደነገገው ደንብ ይመስላል። በኩባያ ተቀድቶ ይሸጥልን። ባልዲና ጣሳ ተቀምጦ በነጻ ይታደል። ኩባያ ደግሞ ቢወረወርም ሰው አይጎዳም።

አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁልጊዜ ከመውጫው አጠገብ ነው የሚቀመጡት፣ ትንሽ ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው። እዚያው የሚደረገውን ጨዋታ በሬዲዮም ይሰሙታል። «ዓይኔ ሩቅ አያይም፣ ማን እንደነካ እሱ ይነግረኛል» ይላሉ። ከ1996ቱ ዋንጫ በፊት ጀምሮ ሜዳ የሚመጡ ሰው ናቸው። ባለፈው ወቅት መምጣት ተዉ። ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው «አባባ፣ አሞዎት ነው?» አልኩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የስኳር በሽተኛ ነኝ ልጄ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። እዚያ የት ልሂድ?» አሉኝ።

ሽንት ቤቱን አይታችሁታል? በሚቀጥለው ጨዋታ እረፍት ላይ አንዳችሁ ከጥላው ወርዳችሁ ግቡበት። ጫማ ቀይራችሁ። በሩ አይዘጋም፣ መብራት የለም፣ ከደጁ ጀምሮ ሰው በእግር ጣቱ ነው የሚሄደው። ወንዱ አጥር ይፈልጋል፣ አጥሩም ሌላ ሽንት ቤት ሆኗል። ሴቶቹ የሚያደርጉትን የነገረችኝ ያቺው ዓሳ ሻጭ ናት፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አትጠጣም።

ይኸው ከተማ ግን ሲፈልግ ይችላል። ሃይሌ ገብረሥላሴ የሚያዘጋጀው ግማሽ ማራቶን ሲመጣ መንገድ ይዘጋል፣ ውሃ በየርቀቱ ይቀርባል፣ አስተናባሪው የት ቁም እንደሚል ያውቃል። በሩጫ ቀን ሰው የሆንን፣ በኳስ ቀን ምን ሆነን ነው?

አራተኛ፤ ጨዋታው ከተማ ሲቀይር

ከ2013 ጀምሮ ሊጉ ከተማ ለከተማ እየዞረ ነው የሚካሄደው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ። ከዚያ ወዲያ አዳማ ተጨመረ። መጀመሪያ ኮሮና ነበር ምክንያቱ፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱም በአንድ ቦታ መሆኑን ወደደው። ኮሮና ሄደ፣ አሠራሩ ግን ቀረ። አሠራሩ ለክለቦች ጥቅም የለውም አልልም፤ የስርጭት ገንዘብ ገብቷል፣ ተጫዋቹ በአገሪቱ ሁሉ ታይቷል። እኔም ቡድኔን በጥራት በሚታይ ካሜራ ማየቴ ደስ ይለኛል።

ዋጋውን የከፈለው ግን ደጋፊው ነው። ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በ2013 ሲወስድ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። የጎንደር ልጅ የሕይወቱን ትልቅ ዓመት በስክሪን አየው። እኛ ከጎንደር እንሻላለን፣ ተራው ሲደርሰን ጨዋታው ይመጣልናል። ግን ሲመጣ ደግሞ ይጎርፋል፤ በሳምንት ውስጥ ማንም የማይችለው ያህል ጨዋታ፣ ከዚያ ለወራት ምንም። ልክ እንደ ዝናብ ነው፣ ወይ ጎርፍ ወይ ድርቅ። ቡድናችን ድሬዳዋ ወይም አዳማ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ገንዘብ ያለው ጥቂት ነው። ቀሪው በየወሩ የሚከፈልበት ቴሌቪዥን ይጠብቀዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ዲኤስቲቪ ቤት መቀመጥም ወጪ ነው፣ ሻይ ሳያዙ አይቀመጡም።

ይህ የእናንተ ብቻ ውሳኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከእናንተ በላይ ያለም ያንብበው።

ስለ ብሔራዊ ቡድኑ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ፣ ከእኛ ሽንት ቤት ጋር የሚያገናኘው ነገር ስላለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በ2014 የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ ወዲህ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር፣ የማላዊዋ ሊሎንግዌ፣ ኤል ጃዲዳ፣ ዳሬሰላም፣ ኪንሻሳ ሲጫወቱ ኖሩ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። አንዱን ዳዋ ሆቴሳ፣ አንዱን ሽመልስ በቀለ አገባ። ሽመልስ፣ እኛ ከፀሐይ በኩል ሆነን ስሙን የጮህንለት ልጅ! በሜዳችን ግብፅን አሸነፍን፣ ሜዳችን ግን ማላዊ ነበር። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ዘልዬ የእጅ ፍሬን ካርቶን ራሴ ላይ ወደቀ። እቅፍ የማደርገው ሰው አልነበረም።

ያኔ ሁሉም ሰው ስለ ሳሩ ነበር የሚያወራው። ካፍ ግን የሚያየው ሳሩን ብቻ አይደለም። ተመልካች ለየራሱ ወንበር አለው ወይ ይላል። መግቢያው በቂ ነው ወይ ይላል። ሽንት ቤቱን ይቆጥራል። ልጄን የመለሰው በር፣ አዛውንቱን ያስቀረው ሽንት ቤት፣ ሽመልስን ማላዊ የሰደደው ዓይነት ጉድለት አንድ ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን የማዘጋጀት ፍላጎቷን አሳውቃለች። ደስ ይለኛል፣ እንደማንም። ግን እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ የሚጠረግ ቤት ውስጥ ለሚኖረውም ሰው መጠረግ ነበረበት።

አምስተኛ፤ የልጆቹ ሜዳ

ይህን አሳጥረዋለሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ኳስ የተጫወትኩባቸው ሦስት ሜዳዎች ነበሩ። አንዱ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ አንዱ ታጥሮ ሣር በቅሎበታል፣ አንዱ የድንጋይና የአሸዋ ማራገፊያ ሆኗል። የሰፈራችን ልጆች አሁን የሚጫወቱት ኮብልስቶን ላይ ነው፣ ባጃጅ ሲመጣ «መኪና!» ብለው ኳሷን ይይዛሉ። ጉልበታቸው የተላላጠ ነው። ቀጣዩ አዳነ ከኮብልስቶን ላይ ይነሳል ብላችሁ ከሆነ የምትጠብቁት፣ ልጁ መጀመሪያ ጫማ ያስፈልገዋል።

የምንጠይቀው

ትልቅ ነገር አንጠይቅም። አዲስ ስታዲየም አላልንም፣ መብራት አላልንም። እነዚያን እናንተው ቃል ገብታችኋል፣ በቃላችሁ እንጠብቃለን።

ከሁሉ በፊት፣ ሊጉ ተመልሶ ሀዋሳ ከመግባቱ በፊት በሮቹ ይከፈቱ። ሰንሰለቱ ይውለቅ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ቢያንስ ሁለት ሴት ፈታሾች ይመደቡ፣ ሁለት የምለው አንዷ ብትቀር አንዷ እንድትኖር ነው። ትኬቱ በስልክ ይሸጥ፤ ሽሮ እንኳን በቴሌብር በሚሸጥበት ከተማ ዝርዝር የለም መባል ይቅር። ለልጅ የልጅ ዋጋ ይኑር። ትኬት ቆርጦ በእናንተ ጉድለት ያልገባ ሰው ገንዘቡ ይመለስለት፣ ወይም በሚቀጥለው ጨዋታ በዚያው ትኬት ይግባ።

ሽንት ቤቱ ይጠገን፣ የሴቶቹ ለብቻ ይሁን፣ በር ይኑረው፣ በጨዋታ ቀን የሚያጸዳ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት ይቀመጥ። ቧንቧው ከተማ ውሃ ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ ሮቶ ይተከልለት። ሃይላንዳችንን ስትወስዱ በኩባያ ስጡን። ከፀሐይ በኩል ቆርቆሮም ቢሆን ጥላ ይሠራልን፣ ለዚህ ገንዘብ የለም ከተባለ እኛም እናዋጣለን፣ ኮሚቴ አቋቁመን እንደ ዕድር እንሰበስባለን። ይህን ከልቤ ነው የምለው፤ ከጎኔ ከሚቀመጡት ጋር ተነጋግረንበታል።

የጨዋታ ሰዓት ከተቀየረ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት በኤፍ ኤም ሬዲዮ ይነገር፣ ስታዲየሙ በር ላይም ይለጠፍ። የከተማው ሁለት ክለቦች የሚጫወቱባቸው ቀናት የሚቻለውን ያህል ቅዳሜና እሁድ ይሁኑ። ሊጉ ሌላ ከተማ ሲሄድ ደግሞ፣ የከተማው አስተዳደር በየበዓሉ አደባባይ ላይ የሚሰቅለውን ትልቅ ስክሪን ለሁለቱ ክለቦች ጨዋታ ይስቀልልን።

ከእኛ በኩልም፦ ሃይላንድ ወይም ድንጋይ የሚወረውረውን ሰው እኛው ይዘን እናስረክባለን። ብሔር ጠርቶ የሚሳደበውን ዝም አንልም። እኔ በበኩሌ ከእንግዲህ ቦታ አልቀይርም።

መልስ ካላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የሚከፈተው በር ላይ ለጥፉልን። ቴሌግራም ላይ ብቻ አታድርጉት። አዛውንቱ ቴሌግራም የላቸውም፤ እኔ አንብቤ እነግራቸዋለሁ። ልጄ ደግሞ ራሷ ማንበብ ትችላለች።

ከአክብሮት ጋር፣

ከፀሐይ በኩል የሚቀመጥ የሀዋሳ ደጋፊ፣
የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ፣
ሁለት ያልተቀደዱ ትኬቶች ያሉት አባት

ሀዋሳ፣ መናኸሪያ